ምንጣፍ በኮንክሪት፦ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ

የዘንድሮው ሥራችን የፋርስ የአትክልት ስፍራ ምንጣፍን ንድፍ በ16 የኮንክሪት ንጣፎች አውጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ማንጠፍ ነበር። አንዱ ንጣፍ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው።

መስከረምና ጥቅምት ንድፉን በማጥናት አለፉ። የንድፉ መሠረት የሆነው «ጫሃር ባግ» ማለት በአራት የተከፈለ የአትክልት ስፍራ ነው፤ ሁለት ቦዮች መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ ዙሪያው ይታጠራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመዘገባቸው ዘጠኝ የፋርስ የአትክልት ስፍራዎች አንዱ በኢራን ካሻን ከተማ ያለው ባግ ፊን ነው፤ ፏፏቴዎቹ ያለ ፓምፕ፣ ውሃው ከፍ ካለ ቦታ ስለሚመጣ ብቻ ይፈናጠራሉ። ምንጣፍ ሠሪዎቹ እንዲህ ያለውን ስፍራ ሲሸምኑ ቦዩን ከላይ፣ ዛፉን ከጎን ሆነው ያዩታል። ይህ ድፍረት ተማሪዎቹን ከሁሉም በላይ ማረካቸው።

ምንጣፉ መልኩን የሚያገኘው ከቀለም ነው፤ ግራጫ ኮንክሪት ግን ያለው ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ወደ ጥልቀት ቀየርነው፦ አበባው 6 ሚሊ ሜትር፣ ቦዩ 12 ሚሊ ሜትር ይሰረጉዳል። በሙከራው 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት እንኳ አልታይ አለ። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ጠዋት በ2 ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀን በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን እሱም ይጠፋል።

አራት በአራት ለሚደረደሩት ለ16ቱም ንጣፍ የተሠሩት አራት ፎርማዎች (ኮንክሪቱ የሚፈስባቸው ቅርጾች) ብቻ ናቸው። የማዕዘኑና የመሃሉ ንድፍ በሰያፍ ሲታጠፍ ግማሹ በግማሹ ላይ ስለሚገጥም፣ አንዱን ፎርማ እያዞሩ ለአራቱም ቦታ መጠቀም ይቻላል። የጠርዙ ንጣፍ ግን የግራውና የቀኙ እንደ መስታወት ምስል ስለሚገለበጥ ሁለት ፎርማ ይፈልጋል።

አበባዎቹን ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቆርጠን ፎርማው ላይ መታናቸው፤ ለቦዩ ሁለት ደረብን። የመጀመሪያዎቹ አራት ንጣፎች ሲወጡ ጫፋቸው ተሸራረፈ። የእንጨቱ ጎን ቀጥ ያለ ስለነበር ኮንክሪቱን ይዞ አልለቅም አለ፤ ቫርኒሽ ስላልተቀባም እርጥበት ጠጥቶ አበጠ። ጎኑን በሞረድ ዘንበል አድርገን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ከቀባነው በኋላ ንጣፉ በቀላሉ ይወጣ ጀመር። ፎርማው ዘይት በስሱ ነው የሚቀባው። በጎድጓዳው ከተጠራቀመ አበባው ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል።

ድብልቁ በመጠን 1 ሲሚንቶ፣ 2 የታጠበ አሸዋ፣ 2 ደቃቅ ጠጠር ነው። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 22 ሊትር ውሃ ይበቃል። ሲወፍር ውሃ መጨመር ያጓጓል፤ የተጨመረበት ንጣፍ ግን ሲደርቅ ፊቱ በጣት ይፈረፈራል። የአየር ቀዳዳ እንዳይበዛ መጀመሪያ ስስ ለውስ በብሩሽ እየተጠቀጠቀ ይቀባል፣ ከዚያ ይሞላል፣ ጎኑ በጎማ መዶሻ ይመታል። በማግስቱ ከፎርማው ወጥቶ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ነፋስ የሚመታው ኮሪደር ላይ ያደረ አንድ ንጣፍ ፊቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ።

ያነጠፍነው በግንቦት ነው፤ ከንጣፎቹ ሥር ያለው አሸዋ ከመሃል እስከ ጠርዝ ባለው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በሰኔ ዝናብ ውሃው ከመሃል ከሚወጡት አራት የቦይ ክንፎች በሦስቱ እስከ ጠርዝ ወረደ። በምሥራቁ ግን አንዱ ንጣፍ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ስላለ መገጣጠሚያው ላይ ይቆማል። እሱን አንሥተን አሸዋውን የምናስተካክለው በመስከረም ነው።