ለ«ዘ ኤክስ» ምሽት ባለውለታዎች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለችው ጠባብ አዳራሽ ተገኝታችሁ ስለ ኔዘርላንድሱ የሙዚቃ ቡድን ስለ ዘ ኤክስ ስናወራና ስንጫወት ላደመጣችሁን፣ መቀመጫ ጠፍቶ ደረጃው ላይ ለቆማችሁ፣ መብራት ሲጠፋም ወደ ቤታችሁ ላልሄዳችሁ ሁሉ ምስጋናችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

ዝግጅቱ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጀመሪያ የተስማማንበት ቦታ ባለቤት ማስታወቂያው ላይ «ፓንክ» (ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው) የሚል ቃል አንብበው አዳራሹን እንደማይሰጡን ነገሩን። ወንበር የሚሰባበር መስሏቸው ይሆናል። አልፈረድንባቸውም፤ ቀብዳችንን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልንም። በዚያው ምሽት በራቸውን አንኳኩተን ያስቸገርናቸው ሌላው ባለ አዳራሽ፣ ጋሼ፣ ስማቸው እንዲነሣ ባይፈልጉም ውለታቸው ግን መነሣት አለበት። ስለ ኪራይ አልጠየቁንም፣ ስለ ፈቃድ ደብዳቤ አልጠየቁንም። «ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በታሪኩ አለበት?» አሉን። አለበት አልናቸው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡን።

ላልመጣችሁት፣ ያቀረብነው የአንድ የኔዘርላንድስ የፓንክ ሮክ ቡድን ታሪክ ነበር፤ ግማሹን በንግግርና በፎቶግራፍ፣ ግማሹን በራሳችን ጊታር። ዘ ኤክስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አባላቱ ባለቤቶቻቸው ዘግተው በተዉአቸው ባዶ ቤቶች ገብተው ከሚኖሩ ወጣቶች ወገን ነበሩ። ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ በቀለም በፍጥነት ለመጻፍ ስለሚመች ነው፤ ፖሊስ ሳይደርስ ማለት ነው። ማን የትኛውን መሣሪያ ይያዝ የሚለውንም በዕጣ እንደለዩ ይነገራል። ሸክላቸውን በአብዛኛው በራሳቸው ማሳተሚያ ያወጣሉ፣ የሚበጃቸውንም ራሳቸው ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ሁለት ትንንሽ ሸክላዎችን ከፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አዋሕደው ሲያወጡ፣ ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ «ይህን ማን ይገዛል?» ብሎ ያስቆማቸው ነበር። የሚያስቆማቸው አልነበረም።

ታሪካቸው ዓመት በዓመት ተዘርዝሮ አያልቅም፣ አንድ ምሽትም አይበቃውም። እኛን የሳበን አዲስ አበባን የሚነካው ክፍል ነው። ከመሥራቾቹ መካከል እስካሁን በቡድኑ ያለው ጊታር ተጫዋች ቴሪ ሄሰልስ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ተለክፎ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2002 አገራችን መጥቶ ተጫወተ፣ በ2004 ተመለሰ። በዚያው በ2004 ዓመት 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ሳክስፎኒስቱን ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ጋበዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «ፈረንጆች አግኝተው አወጧቸው» የሚል ወሬ ስንሰማ ያመናል። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ሲገቡ ዘ ኤክስ ለመመሥረት 30 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም እኛ ቅዳሜ ዕለት ጀርባው ላይ በጮኽንበት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ መጫወት ጀመሩ፤ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ለምድ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርዱ ያየ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ከአምስተርዳሙ መድረክ በኋላ ቀጣዩን አልበም አብረዋቸው እንዲሠሩ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ፣ በ2012 ደግሞ ሌላ አልበም ተከተለ። ባንዱ አጃቢ ነበር። ጊታሮቹ ቢጮኹም መሪው ሳክስፎኑ ነው። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን ሁሉ በአፍ መናገር ይቻላል፤ ማሳየት ግን የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በኦርኬስትራ ያገለገሉ፣ ዛሬ ሳክስፎናቸውን ለልጅ ልጆቻቸው ብቻ የሚነፉ አባት ጥሪያችንን አክብረው መጡ። በመጀመሪያ ሳክስፎኑን አላነሡም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ፎከሩ፤ አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ ሪዱን (ሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረውን ስስ ሸምበቆ) ምላሳቸው ላይ አርጥበው ያንኑ ፉከራ ቃል በቃል ነፉት። አንዱን ድምፅ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ያዙትና ጫፉ ላይ ሲደርሱ በድንገት ቆረጡት። «ፎካሪ ምት አይቆጥርም፣ ትንፋሹን ነው የሚከተለው» ብለው ወደ ጊታሪስታችን ዞሩ። እርሱም የመጨረሻውን ድምፅ እስኪሰነጠቅ አጩኾ ያዘ። አባታችን በእጃቸው «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ቆዩና እጃቸውን ሲጥሉ ቆረጠው። ስለ ፓንክና ስለ ሽለላ ዝምድና ያዘጋጀነው ረጅም ንግግር ከዚያ በኋላ አላስፈለገም፤ ወረቀቱን አጣጥፈን ኪሳችን ከተትነው። አባታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

መብራቱ የጠፋው ገና ሁለተኛውን ክፍል ስንጀምር ነው። በጨለማ ውስጥ መድረኩን ይዞ ያቆየልን፣ ለመጋበዝ እንኳ ያፈርንበት ባለማሲንቆ ወንድማችን ነው፤ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ የቀረ እንግዳ ነበር። ጊታሪስታችንን ጠጋ ብሎ እንዲህ አለው፦

ጊታሩ ሲጮህ ቤት የፈረሰ መስሎኝ፣
ጠጋ ብዬ ብሰማው ሽለላ ሆነብኝ።

ሳቁ ሳያባራ ከጎን ያለው የሥጋ ቤት ባለቤት ጄኔሬተሩን በጋሪ እየገፋ ደረሰ። የራሱን ፍሪጅ ነቅሎ ነው ያመጣልን። «ሥጋው ቢበላሽ እናንተው ትበሉታላችሁ» አለ እንጂ የነዳጅ ዋጋ አልጠየቀም። የድምፅ ባለሙያችንም የስልክ መብራት በጥርሱ ነክሶ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀይሮ፣ ሁሉንም በቅጽበት አስነሣው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የይቅርታ ደብዳቤ ነበር የምንጽፈው።

የድራመኛችንን እናት እናመሰግናለን። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘ ኤክስን ድራም የምትመታው ካትሪና ቦርንፌልድ የተባለች ሴት መሆኗን ልጃቸው ስትነግራቸው «እንግዲያው አንቺም ምቺ» ብለው ዳቦ ደፍተው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው መጥተዋል። ከአዳራሹ በላይ የሚኖሩትን እትዬንም እናመሰግናለን። ጩኸቱን ሊከሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሲወጡም «የመጀመሪያው ራስ ያዞራል፣ የኋለኛው ግን ደህና ነው» አሉን። ከዚህ የተሻለ ግምገማ ከማንም አልደረሰንም።

«በራሳችን ነው የምንሠራ ትላላችሁ፤ ድራሙ የተውሶ፣ ጄኔሬተሩ የተውሶ» ብለው የቀለዱብን ነበሩ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ አብረን ስቀናል። ነገር ግን ዘ ኤክስም እ.ኤ.አ. በ1991 ከቼሎ ተጫዋቹ ከቶም ኮራ ጋር አልበም ሠርቷል፤ ጋሽ ጌታቸውንም ያገኘው በር ዘግቶ አይደለም። እኛ የሸሸነው፣ አርማውን መድረክ ላይ ሰቅሎ ምን እንደምንጫወት የሚነግረንን ስፖንሰር ነው እንጂ ጎረቤትን አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ለጠየቃችሁን፦ መግቢያውን 100 ብር ያደረግነው ተማሪ እንዳይቀር ብለን ነው። የዋሽንግተኑ የፓንክ ቡድን ፉጋዚ መግቢያው 5 ዶላር አካባቢ እንዲሆን ይታገል እንደነበር እያሰብን፣ እኛም በአቅማችን ሞከርን። ከገቢው የድምፅ መሣሪያ ኪራይና ነዳጅ ተከፍሏል (ባለ ሥጋ ቤቱ እንቢ ቢልም ግድ ብለነው ነው)። የቀረውን ባለማሲንቆው ወስዷል። ለአባታችን የያዝነውን ፖስታ አልቀበልም ብለዋል፤ የሳክስፎናቸውን የተበላሸ ቁልፍ በዚያው እናሠራላቸዋለን።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ የአንድ እግር የሕፃን ጫማና መነጽር ተገኝተዋል። የእኔ ነው የሚል ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጥበቃ መውሰድ ይችላል።

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች
አዲስ አበባ