ሽያጩ አድጎ ትርፉ ስላላደገበት ዓመትና ስለሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በድረ ገጻችን አማካይነት የማስታወሻ ደብተሮችንና አጀንዳዎችን ስትገዙ ለቆያችሁ ሁሉ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ፣ የዓመቱን ሒሳብ ከዘጋን በኋላ በአሠራራችን ላይ ልናደርጋቸው የወሰንናቸው ለውጦች እናንተንም ስለሚነኩ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ያስደስታችኋል ብለን እናምናለን፤ አንዳንዱ፣ በተለይም የቅናሽ ቀናትን ማሳነሳችን፣ ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ምክንያቱን ሳናስረዳ ደንብ ቀይረን ብንጠብቃችሁ ግን ቅሬታው የባሰ ስለሚሆን፣ ሒሳባችንን ስንመረምር ያየነውን እንዳየነው ልንነግራችሁ ወደድን።

በ2025 (በዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቀበልነው ትዕዛዝ ከቀዳሚው ዓመት በልጧል። ዓመቱን ሙሉም በየወሩ የሽያጩን ድምር እያየን ደስ ይለን ነበር። ሒሳቡ ሲዘጋ ግን ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በእጃችን የቀረው ገንዘብ ከአምናው የተሻለ ሆኖ አላገኘነውም። ሥራ በዝቶ ቀሪው ያው ከሆነ፣ ጭማሪው የገባበት ቦታ መኖር ስላለበት፣ ድምሩን ትተን የዓመቱን ትዕዛዞች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከወረቀቱ አንሥቶ እስከ መላኪያው ምን እንዳስወጣ አጠገቡ እየጻፍን ተመለከትን። ይህ ሥራ ብዙ ቀናት ወስዶብናል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ከሠራነው የዓመት መጨረሻ ግምገማ ሁሉ የበለጠ አስተምሮናል።

መጀመሪያ ያገኘነው የቅናሽ ሽያጫችንን ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ከባድ ሳይሆን አስቀድመን አለመሥራታችን ግን ይቆጨናል። የአንድ ደብተር መሸጫ ዋጋ 100 እጅ ቢሆንና ከዚህ ውስጥ 60 እጁ ለወረቀት፣ ለጥረዛ፣ ለማሸጊያና ለክፍያ አገልግሎት የሚወጣ ቢሆን፣ ደመወዝና ኪራይን ጨምሮ ሌላው ወጪ ሁሉ የሚሸፈነው፣ ትርፍም የሚገኘው በቀሪው 40 እጅ ነው። የ20 በመቶ ቅናሽ ስናደርግ መሸጫው 80 ይሆናል፤ ወጪው ግን 60 ሆኖ ስለሚቆይ የሚቀረው 20 ብቻ ነው። ዋጋው በአንድ አምስተኛ ሲወርድ ለእኛ የሚቀረው በግማሽ ወርዷል ማለት ነው፤ ያንኑ 40 እጅ ለማግኘትም አንድ ደብተር በምንሸጥበት ቦታ ሁለት መሸጥ ይኖርብናል። ሁለቱም ደብተሮች ደግሞ ይጠረዛሉ፣ ይታሸጋሉ፣ ይላካሉ፤ በቅናሽ ሳምንታት ትዕዛዝ ዘግይቶባችሁ የነበራችሁ ደንበኞች የጠበቃችሁት የዚህን ተጨማሪ ሥራ ወረፋ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅናሹ አዲስ ደንበኛ ያመጣልናል ብለን ልንታገሠው እንችል ነበር። ለማጣራት ስንልም በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ የገዙትን ሰዎች ለሁለት ከፍለን፣ በቅናሽ ቀን የመጡትንና በሌላ ጊዜ የመጡትን ለየብቻ አድርገን፣ ከመካከላቸው በ2025 ተመልሶ የገዛው የትኛው እንደሆነ ተከታተልን። ደጋግሞ የተመለሰው በሙሉ ዋጋ የገዛው ነው። እጅግ ያሳሰበን ደግሞ ይኸው ታማኝ ደንበኛ በቅናሹ የተጎዳ መሆኑ ነው፤ ቅናሽ ከመጀመሩ ሦስት ቀን አስቀድመው በሙሉ ዋጋ ገዝተው በማግሥቱ ማስታወቂያውን ያዩ ሰዎች የጻፉልንን ቅሬታ አሁን መለስ ብለን ስናነበው እውነት ያላቸው እነርሱ እንደነበሩ እንረዳለን። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ቅናሽ የምናደርገው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቀኑንም ከአንድ ወር በፊት እናሳውቃለን። ከቅናሹ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ያንኑ ዕቃ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ሳይጠይቅ ልዩነቱ ይመለስለታል።

ሁለተኛው ነገር ካርቶን ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የዓመቱን ሒሳብ ሊያናጋ ይችላል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ዕቃ አመላላሽ ድርጅቶች ዋጋ የሚተምኑት በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የሚይዘውን ቦታ ወደ ክብደት ለውጠው ከሁለቱ በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በብዙዎቹ ዘንድ የሚሠራበት ስሌት የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ5,000 ማካፈል ነው። ለረጅም ጊዜ እኛ የተጠቀምንበት ካርቶን 30 በ25 በ12 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ይህ ሲባዛ 9,000 ይሆናል፣ ለ5,000 ሲካፈል ደግሞ 1.8 ኪሎ ግራም ይመጣል። በውስጡ የነበሩት ሦስት ደብተሮች ግን ከነማሸጊያቸው 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝኑ ነበር። ቀሪው የተከፈለው ለአየር ነው። በ24 በ18 በ8 ካርቶን ቢላኩ ኖሮ ስሌቱ 0.7 ኪሎ ግራም እንኳ ስለማይሞላ የሚከፈለው በትክክለኛው ክብደት ይሆን ነበር። አዲሶቹ ካርቶኖች በሁለት መጠን ተዘጋጅተዋል፤ ደብተሩ በሰፊ ካርቶን ውስጥ እየተንሸራተተ ማዕዘኑ ይጎዳ ስለነበርም፣ ተጎድቶ የሚደርሰው ዕቃ በዚሁ እንደሚቀንስ ተስፋ እናደርጋለን። ከዚህ የሚተርፈውን ገንዘብ የመላኪያ ዋጋን ለመቀነስ እናውለዋለን እንጂ ለራሳችን አናስቀረውም።

ከመላኪያ ሳንወጣ አንድ ሌላ ጉዳይ እናንሣ። ዕቃ በቅርጫታቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ሳይከፍሉ የሚሄዱ ሰዎች በየትኛውም የኦንላይን መደብር ብዙ ናቸው፤ ባይማርድ የተባለው የዴንማርክ የምርምር ተቋም ከበርካታ ጥናቶች ያሰባሰበው አማካይ ከ10 ቅርጫቶች 7ቱ ያህል እንደሚተዉ ያሳያል፤ ገዢዎች በብዛት የሚሰጡት ምክንያትም በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚጨመር ያልተጠበቀ ወጪ ነው። የእኛም መደብር የመላኪያውን ዋጋ የሚናገረው አድራሻ ከተሞላ በኋላ ነበር። ይህን ያደረግነው ሆን ብለን ለመደበቅ ሳይሆን ድረ ገጹ መጀመሪያ ሲሠራ እንዲሁ ስለተሠራ ነው፤ ለገዢው ግን ልዩነት የለውም። ከአሁን ጀምሮ የመላኪያው ዋጋ በእያንዳንዱ ዕቃ ገጽ ላይ ከዕቃው ዋጋ አጠገብ ይታያል።

በዓመቱ መጨረሻ፣ ትዕዛዝ በሚበዛበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድረ ገጻችን የገባችሁ ደንበኞች ገጹ ለደህንነት አስጊ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዳያችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ጉዳይ ሙሉ ማብራሪያ ስላልሰጠናችሁ አሁን እንሰጣለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን። አንድ ድረ ገጽ አስመሳይ ሳይሆን በትክክል ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥለትና በእናንተና በእርሱ መካከል የሚያልፈው መረጃ እንዲመሰጠር የሚያስችለው ዲጂታል ሰርተፊኬት አለ፤ ሰርተፊኬቱ የአገልግሎት ዘመን ስላለው ካልታደሰ አሳሹ (ድረ ገጽ የምትከፍቱበት ፕሮግራም) ገጹን አላምንም ይላል። የእኛን ሰርተፊኬት የማደስ ኃላፊነት በአንድ የሥራ ባልደረባችን ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ባልደረባችን ዕረፍት ላይ በነበረበት ጊዜ ቀኑ አለፈ። ማንም ሰብሮ አልገባም፣ ያወጣው መረጃም የለም፤ ሆኖም ሰርተፊኬቱ እስኪታደስ ድረስ ሽያጭ ቆሟል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የካርድ ቁጥራችሁን የምታስገቡበት ቦታ ላይ ሥጋት ፈጥረንባችኋል። ጥፋቱ የባልደረባችን ሳይሆን ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው ትዝታ ላይ የጣልነው የሁላችን ነው።

ጉዳዩን ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ልንይዘው አንችልም፤ ሰርተፊኬት ሰጪዎችና የአሳሽ አምራቾች በጋራ በሚመክሩበት መድረክ በኤፕሪል 2025 በተላለፈው ውሳኔ መሠረት፣ እስካሁን እስከ 398 ቀን ይቆይ የነበረው ሰርተፊኬት ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚሰጡት ከ200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ ከ100 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ደግሞ ከ47 ቀን አይበልጥም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገውን የረሳ ድርጅት በየወሩ ተኩል የሚደረገውን አስታውሳለሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ እድሳቱ በራሱ እንዲከናወን አድርገናል፤ ካልተከናወነም 20 ቀን ሲቀረው ለሦስት ሰዎች መልእክት ይደርሳል። የድረ ገጹ ስም ምዝገባና የመረጃ ቅጂዎችም በዚሁ አሠራር ውስጥ ገብተዋል። የካርድ ቁጥራችሁን በተመለከተ፣ ቁጥሩ በቀጥታ ለክፍያ አገልግሎት ሰጪው ስለሚተላለፍ በእኛ ዘንድ አይቀመጥም፤ ወደፊትም አይቀመጥም።

ስለ ኢሜይል አጠር አድርገን እንናገር። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እንልክላችሁ የነበረው፣ መልእክቶቻችንን የሚከፍተው ሰው ብዙ መስሎን ነው። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ግን የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ የግላዊነት ጥበቃው በበራበት ስልክ ላይ ሰውየው መልእክቱን ቢያነበውም ባያነበውም ምስሎቹን አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ተከፈተ ተብሎ የሚቆጠረው ሁሉ ተነበበ ማለት አይደለም። በዚያ ቁጥር ፋንታ መልስ የጻፈልንን፣ ከመልእክቱ ተነሥቶ ወደ መደብሩ የገባውንና አትላኩልኝ ያለውን ስንቆጥር ሥዕሉ ተለወጠ። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ጠቅታ ከዝርዝር መውጣት እንዲያስችሉና የአይፈለጌ መልእክት ቅሬታው ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ጂሜይል ይህን ግዴታ የሚጥልበት በቀን 5,000 መልእክት ልከን ባናውቅም፣ ደንቡ ትክክል ስለሆነ በራሳችን ላይ ተፈጻሚ አድርገነዋል። ከእንግዲህ በወር አንድ መልእክት ብቻ ይደርሳችኋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ያልገዛና መልስ ያልሰጠ ሰው አድራሻም ከዝርዝራችን ይሰረዛል።

ከመረመርናቸው ሰነዶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለተመላሽ ዕቃዎች ነው፤ ይህንንም ያደረግነው ዕቃ የሚመልስ ሰው ምክንያቱን በዝርዝር ስለሚጽፍ፣ ከደስታ መግለጫ ይልቅ ቅሬታ ስለ ዕቃው ብዙ ስለሚናገር ነው። ዋናው ምክንያት አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ፈሳሽ ቀለም በሚሞላበት ብዕር የሚጽፉ ደንበኞች ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ጀርባ እያለፈ እንደሚያስቸግራቸው ነግረውናል። በገጻችን ላይ የሰፈረው መግለጫ ወረቀቱ «ለማንኛውም ብዕር ተስማሚ» ነው ይል ነበር። ይህ አባባል ትክክል አልነበረም። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የቀጭኑ ደብተራችን ወረቀት ለእስክሪብቶና ለእርሳስ ጥሩ ነው፤ ለፈሳሽ ቀለም ግን የሚሻለው ባለ 100 ግራሙ ነው። ክብደት ብቻውን ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ ወረቀቱ ሲመረት ቀለም እንዳይመጥጥ የሚሰጠው ቅብ ከውፍረቱ ይልቅ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ስለሆነም እያንዳንዱን ደብተር በተለያዩ ብዕሮች ጽፈንበት የገጹን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ አንሥተን ከመግለጫው ጋር አቅርበናል፤ ቀለም የሚያልፍበትንም ሳይሸፈን ታዩታላችሁ። ሽያጭ ቢቀንስብንም፣ የማይሆነውን ሰው ከመግዛቱ በፊት ማስታወቅ ይሻለናል።

አጀንዳን በሚመለከት፣ ቀን የታተመበት ዕቃ ዓመቱ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዋጋ ስለሚያጣ፣ ከሚፈለገው በላይ ያሳተምነው በመጋዘን ቀርቷል። ለ2027 የምናሳትመው በቅድሚያ ትዕዛዝ መጠን ላይ ትንሽ ጨምረን ይሆናል፤ ቀኑን ራሳችሁ የምትሞሉበት አጀንዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ይገኛል።

በ2026 አዲስ የዕቃ ዓይነት አንጀምርም፣ የስልክ መተግበሪያም አናሠራም። ሁለቱም በዕቅዳችን ረቂቅ ላይ ነበሩ፤ ዕድገት የሚመስሉ በመሆናቸው ልንሰርዛቸው በጣም ተቸግረናል። ነገር ግን ያሉን ደብተሮች በትክክል ተገልጸው፣ በልካቸው ታሽገው፣ በተባለው ቀን እስኪደርሱ ድረስ አዲስ ሥራ መጨመር ያለፈውን ዓመት መድገም ይሆናል። ለማስታወቂያ ከምናወጣው ላይ ግማሹን ቀንሰን ለአንድ ተጨማሪ ጠራዥ ደመወዝ መድበናል። ሒሳቡንም የዓመቱን መጨረሻ ሳንጠብቅ በየሦስት ወሩ፣ ባሁኑ መንገድ፣ በትዕዛዝ ደረጃ እንመረምራለን፤ የምናየው ቁጥርም ከሽያጩ ድምር በፊት ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ የተረፈውና ተመልሶ የገዛው ሰው ብዛት ይሆናል።

የወረቀት ወጪያችን በመጨመሩ የባለ 100 ግራም ደብተሮች ዋጋ ከማርች 1 ቀን 2026 ጀምሮ በመጠኑ ከፍ ይላል። ከዚያ ቀን በፊት የቀረቡ ትዕዛዞች፣ ዕቃው ገና ያልተላከ ቢሆን እንኳ፣ በቀድሞው ዋጋ ይስተናገዳሉ። በተሳሳተው የወረቀት መግለጫ ምክንያት ባለፈው ዓመት ደብተር ገዝታችሁ ለብዕራችሁ ያልሆናችሁ ደንበኞች፣ የመመለሻው ጊዜ ቢያልፍም፣ የትዕዛዝ ቁጥራችሁን በመጥቀስ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2026 ብትጽፉልን ባለ 100 ግራሙን ያለ መላኪያ ክፍያ እንልክላችኋለን፤ የቀድሞውን መመለስ አይጠበቅባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች