ቁጥሩ ሲያንስ ጡንቻውን አትውቀሺ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን ይቅር በይኝ። የአይጥ ጡንቻ ኃይል ልትለኪ መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይሽ ጡንቻው ደካማ ነው ለማለት አትቸኩይ። ብዙ ጊዜ የበደለው ነርቩ፣ ክሩ ወይም ቅዝቃዜው ነው።

ቲቢያሊስ አንቲሪየር በሚባለው ጡንቻ ጀምሪ፤ ከቅልጥሙ ፊት ስላለ ለመግለጥ አያስቸግርም። አይጧን አይሶፍሉሬን በሚባለው የሚተነፈስ ማደንዘዣ አደንዝዣት፣ ሰውነቷም ጡንቻዋም 37 ዲግሪ ላይ ይቆይ። ከመቁረጥሽ በፊት ጣቷን ቆንጥጪ፤ እግሯን ከሰበሰበች ጠብቂ። በየመሃሉም ደጋግሚው፤ እስከ መጨረሻው ሕመም ሊሰማት አይገባም።

የጉልበቷን መገጣጠሚያ በመርፌ አጽኚ። የታችኛውን ጅማት በሐር ክር አስረሽ፣ ከቋጠሮው በታች ቆርጠሽ ከመለኪያው ጋር አገናኚ። ክሩ አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ይለጠጣል። ቋጠሮው ሲንሸራተት ኃይሉ በየምቱ ስለሚወርድ ድካም ይመስልሻል።

ወደ እግሯ የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ፣ ሳያቲክን፣ ከላይ በኩል ቁረጪው፣ ከአከርካሪዋ የሚመጣ ሪፍሌክስ እንዳይገባበት። ወደ ባቷ የሚሄደውንም ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ አለዚያ ባቷ ተኮማትሮ እግሯን ያነቃንቅብሻል። ነርቩን መንጠቆ ኤሌክትሮዱ ላይ ስታኖሪ አትወጥሪው፤ እንዳይደርቅ ሞቅ ያለ ፓራፊን ዘይት ጠብ አድርጊበት። የጨው ውሃ እዚያ ከተጠራቀመ ግን ከረንቱ ነርቩን ትቶ በውሃው ያልፋል።

በ0.2 ሚሊሰከንድ ነጠላ የኤሌክትሪክ ምት ቮልቴጁን ቀስ እያልሽ ከፍ አድርጊ። ኃይሉ መጨመሩን ሲያቆም ከ20 እስከ 50 በመቶ ጨምሪበት። ጭራሽ አልቆም ካለ ከረንቱ ወደ ጎረቤት ጡንቻ እየፈሰሰ ነው። ቀጥሎ ርዝመቱን ፈልጊ፤ ነጠላ ምት ከፍተኛውን ኃይል እስኪሰጥ ድረስ ጡንቻውን በጥቂት በጥቂቱ ሳቢ። አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፣ አደራሽን። ከዚያ በ150 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 150 ምት፣ ለ300 ሚሊሰከንድ አነቃቂው፣ በመካከሉ ቢያንስ 2 ደቂቃ ዕረፍት። ውጤቱ ካጠራጠረሽ ኤሌክትሮዱን ጡንቻው ላይ አድርጊ፤ በቀጥታ ሲነካ በርትቶ በነርቩ በኩል ከደከመ፣ ጥፋቱ ከነርቩ ወይም ነርቩና ጡንቻው ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

ኃይሉን ለጡንቻው የአግድም ቁርጥ ስፋት ማካፈል አትርሺ። ጡንቻው 50 ሚሊግራም፣ ርዝመቱ 15 ሚሊሜትር ቢሆን የጡንቻ ክሮቹ ርዝመት የዚያ 0.6 እጁ፣ 9 ሚሊሜትር ነው። 50ን ለ1.06 (ለጡንቻ ጥግግት) እና ለ9 ስታካፍዪ 5.2 ካሬ ሚሊሜትር ይመጣል። መለኪያው 1.2 ኒውተን ካነበበ በካሬ ሴንቲሜትር 23 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ጤነኛ ጡንቻ እዚያው አካባቢ ነው። ስትመዝኚው ጅማቱን ቆርጠሽ፣ እርጥበቱን በወረቀት አንስተሽ ይሁን።

የመጀመሪያውን ቁጥርሽን ከነርዝመቱ ከነክብደቱ ላኪልኝ።

ናፋቂሽ