የተቀነሱብን ሁለት ሌሊቶች

ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጥቅምት ወር ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ስላደረግነው ጉዞ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ቢሯችሁ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ጥሩ ቡና ተጋበዝኩ፤ «ተራራ ነው፣ ያጋጥማል» ተባልኩና ለሚቀጥለው ጉዞ የ10 በመቶ ቅናሽ የሚል ወረቀት ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ለቡናው አመሰግናለሁ። የቅናሹን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

እኔና ታናሽ እህቴ ጉዞውን ከእናንተ የገዛነው ሰኔ ላይ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እሷ ዱባይ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሐሳቡም የእሷ ነበር፤ የዓመት ፈቃዷን ያጠራቀመችው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ያሳያችሁን ፕሮግራም ኔፓል ውስጥ የእግር ጉዞው ከሚጀመርባት ከሉክላ ተነስቶ ሉክላ እስኪመለስ 12 ቀን ነበር። መንገድ ላይ ካሉት መንደሮች ናምቼ ባዛር ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ ሁለት ሌሊት ይታደራል ይላል። ለምን ሁለት ሁለት ሌሊት እንደሆነ ጠየቅኩ። የሽያጭ ሠራተኛችሁ «ለዕረፍት ነው» አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚችው ቃል ላይ ይመስለኛል። ዕረፍት ከተባለ መቀነስ ይቻላላ።

ከፍለን ከጨረስን በኋላ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተደወለልኝ። የዲንግቦቼዋ ተጨማሪ ሌሊት ቀርታለች። ምክንያት ስጠይቅ የተሰጠኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እናንተ እኮ የደጋ ሰዎች ናችሁ። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ናት፤ እርስዎ ደግሞ ራስ ዳሽንን ወጥተዋል። ቀን የሚፈጁት ፈረንጆቹ ናቸው።» እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰው ሲያሞግሱት ሒሳብ ይጠፋበታል። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ያም ሆኖ ጠፋብኝ።

ራስ ዳሽንን መውጣቴ እውነት ነው። 4,500 ሜትርን ያልፋል። ግን አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ አድረን፣ ሌሊት ተነስተን ወጥተን፣ በዚያው ቀን ተመልሰን አምቢቆ ነው ያደርነው። ተራራው ላይ ዋልኩ እንጂ አላደርኩም። ለካ ዋናው ጉዳይ ማደሩ ኖሯል። ቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነት ኦክስጅን ያነሰበትን አየር መላመጃው ነው። በተራራ ሕክምና የተለመደው መመሪያም የሚቆጥረው የሚታደርበትን ከፍታ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከአንዱ ሌሊት እስከ ቀጣዩ ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ ከፍታ ሳትጨምሩ አንድ ሌሊት እደሩ። ይህን ያወቅኩት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እናንተ ግን ይህን የምትሸጡ ሰዎች ናችሁ።

ስለ ደጋ ሰውነታችንም ልመለስበት። ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያኮራል። ነገር ግን የተጠኑት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እህቴ የምትኖረው ዱባይ፣ ባሕሩ ጥግ፣ 14ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፍታ ከተባለ ከፍታዋ ያ ፎቅ ነው። ፎርማችሁ የጫማ ቁጥሯን ጠይቋል። የት እንደምትኖር አልጠየቀም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ሌሊት ልምጣ። ውላችን ላይ «ካትማንዱ–ሉክላ በረራ፣ 30 ደቂቃ» ይላል። ቱሪስት በሚበዛባቸው ወራት የሉክላ በረራዎች አብዛኞቹ ከካትማንዱ ሳይሆን ራሜቻፕ ውስጥ ካለው የማንታሊ ማረፊያ እንደሚነሱ ማንም አልነገረንም። የነገረን ሆቴሉ በር ላይ የቆመው ሾፌር ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቀስቅሶን አምስት ሰዓት ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ነዳን። ደርሰን ስንጠብቅ ሉክላ በደመና ተዘጋ ተባለ። በዚህስ አልከሳችሁም። የሉክላ መንደርደሪያ ከ530 ሜትር ያነሰች፣ አቀበት ላይ የተሠራች ናት። አብራሪው ካላየ ባያርፍ እኔው ነኝ የምመርቀው። የምከሳችሁ ፕሮግራማችሁ ላይ አንዲት መጠባበቂያ ቀን ባለመኖሯ ነው። ሉክላ ይዘጋል፤ ይህን ሻይ የሚሸጠው ልጅ እንኳ ያውቃል። ያን ቀን ማንታሊ ቆላ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን ዋልን፣ አደርን። በማግስቱ ሉክላ ስንደርስ ካትማንዱ ያለው ተባባሪ ቢሯችሁ ለጋይዳችን ደውሎ የጠፋችውን ቀን ከናምቼ እንዲቀንስ አዘዘው። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ሄዱ።

ሒሳቡን እነሆ። ፋክዲንግ 2,610 ሜትር አደርን። በማግስቱ ናምቼ፣ 3,440፤ በአንድ ሌሊት 830 ሜትር ጨመርን። ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት የሚታደረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ አልቆየንም። በማግስቱ ቴንግቦቼ፣ 3,860። ቀጥሎ ዲንግቦቼ፣ 4,410። ቀጥሎ ሎቡቼ፣ 4,940። በአራት ሌሊት 2,330 ሜትር። እህቴን ከዱባይ አንስታችሁ በስምንተኛው ቀን 4,940 ሜትር ላይ አስተኛችኋት።

ጋይዳችን ላይ አንዲት ቃል ቅሬታ የለኝም። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። «ቢስታሪ፣ ቢስታሪ» ይላል ሲሄድ ሲመጣ፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እህቴ ጂም የምትሠራ፣ ጠንካራ ሴት ናት፤ ከፊት ከፊት ነበር የምትሄደው። ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ እያስኬደ ያጋልጣል። ቴንግቦቼ ላይ ራሷን አመማት። ዲንግቦቼ ላይ እራቷን አልነካችም፤ ሌሊት አስመለሳት። ጠዋት ጋይዱ ካትማንዱ ደውሎ አንድ ቀን እንቆይ ብሎ ሲለምን አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። የተሰጠው መልስ «የመመለሻ ትኬታቸው ይቃጠላል» የሚል ነው።

እዚህ ላይ የምትቆጨኝ ነገር አለች። ከዲንግቦቼ ኮረብታውን ተሻግሮ ፌሪቼ የምትባል መንደር አለች። የሂማላያ አድን ማኅበር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ክሊኒክ አለው። በጉዞ ወቅት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ፣ ሐኪሞቹ ለተጓዦች ስለ ከፍታ ሕመም በነጻ ያስተምራሉ። ዲንግቦቼ ሁለት ሌሊት የሚያድሩ ሰዎች በዚያች «የዕረፍት ቀን» ተሻግረው ይሰማሉ። ብንሰማ ኖሮ ራስ ምታትና ማስመለስ የያዘው ሰው ወደ ላይ መሄድ እንደሌለበት እናውቅ ነበር። እኛ በዚያ ሰዓት ወደ ሎቡቼ እየወጣን ነበር።

ወደ ሎቡቼ መንገድ ላይ ካለችው ከቱክላ በላይ፣ ኤቨረስት ላይ ለሞቱ ሰዎች የተካቡ የመታሰቢያ ድንጋዮች አሉ። እህቴ አንዱን ተደግፋ ተቀመጠች። ፎቶ ላንሳሽ አልኳት። «የቱን?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስካሁን ይረብሸኛል።

ማታ ሎቡቼ ሎጅ ውስጥ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠናል። የያክ ኩበት ይነድዳል፤ ሽታው የገጠር ቤት ያስታውሳል። እህቴ ጃኬቷን ልትዘጋ ትታገላለች። «ዚፑ ተበላሽቷል» አለችኝ። አየሁት። ዚፑ ደህና ነው። ጣቷ ነው እምቢ ያላት። ጋይዱ ይህን ሲያይ ሾርባውን አስቀመጠና አስነሳት። ወለሉ ላይ ባለው የጣውላ መስመር የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመች እንድትሄድ ጠየቃት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ሄደች፤ አግዳሚ ወንበሩ ባይኖር ምድጃው ላይ ነበር የምትወድቀው። ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፣ ማንንም አላስፈቀደም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በባትሪ ብርሃን መውረድ ጀመርን። ተሸካሚው ሻንጣችንን ጥሎ እህቴን አዘለ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ፌሪቼ ክሊኒክ ደረስን። ሐኪሟ ኦክስጅንና እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ሰጠቻት። ሕመሙ ወደ አንጎል እብጠት እየሄደ እንደነበርና ሎቡቼ ብናድር ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን እንደነበር ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ። ጠዋት እህቴ ዓይኗን ገልጣ ያለችው «ሻንጣዬስ?» ነው። አለቀስኩ።

ስለ ተሸካሚው ካነሳሁ አይቀር፣ ውላችን ሁለት ተሸካሚ ይላል፤ የመጣው አንድ ነው። ሻንጣዎቻችን ማንታሊ ሲመዘኑ 17 እና 16 ኪሎ ነበሩ። የተሸካሚዎችን ደኅንነት የሚከታተሉ ወገኖች ለኔፓል ያስቀመጡት ጣሪያ 30 ኪሎ ነው፤ የእሱ የራሱ ዕቃ ሳይቆጠር አልፈነዋል። ፋክዲንግ ላይ ሁለት ኪሎ ያህል አውጥተን ራሳችን ተሸከምን። ያሳፍራል። ለሁለት ሰው አስከፍላችሁናል።

ቃል የገባችሁልን «በየቀኑ የኦክስጅን ልኬት» የሚለውም ጣት ላይ የምትሰካዋን ዕቃ ይመስለኛል። ጋይዱ አልተሰጠውም። የዕቃ ዝርዝራችሁ ላይ የሰልፊ ዘንግ አለ። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ስለሚወሰደው ዳያሞክስ ስለሚባለው መድኃኒት ሐኪማችሁን ጠይቁ የሚል አንድ መስመር ግን የለም። በምትኩ «ነጭ ሽንኩርት ሾርባ ጠጡ» ይላል። ጠጥተናል። ይጣፍጣል።

ሄሊኮፕተሩ በማግስቱ ካትማንዱ አደረሰን፤ ሒሳቡ 3,800 ዶላር። ውላችሁ ላይ «ሙሉ ኢንሹራንስ» ተጽፏል። ኢንሹራንሱ ሲጠየቅ ከ3,000 ሜትር በላይ አይሸፍንም ተባለ። ቤዝ ካምፕ 5,364 ሜትር ነው። ናምቼን እንኳ የማይሸፍን ወረቀት ነው የሸጣችሁልን። ዶላር ከዚህ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ በካርዱ ባይከፍል ኖሮ እዚያው ታግተን እንቀር ነበር። ቢሯችሁ ስመጣ ደግሞ «ሄሊኮፕተሩ ግድ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ በጎን ተወርውሮልኛል። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የኔፓል መንግሥት ባደረገው ምርመራ፣ ለኮሚሽን ሲሉ ሄሊኮፕተር የሚጠሩ መኖራቸው ተጋልጧል። የክሊኒኩን ደብዳቤ አያይዣለሁ፤ አንብቡት።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሄሊኮፕተሩን 3,800 ዶላር መልሱ፤ በብር ብትከፍሉም በዕለቱ ምንዛሪ እቀበላለሁ። ያልመጣውን ተሸካሚ ክፍያ መልሱ። ፕሮግራማችሁ ላይ የናምቼንና የዲንግቦቼን ሁለት ሁለት ሌሊት መልሱ፤ ለሉክላም ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ቀን ጨምሩ። «ዕረፍት» የሚለውን ቃል አውጡና «መላመጃ» በሉት፤ ያን ጊዜ ማንም በስልክ አይቀንሰውም። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ የሸማቾች ጉዳይ ወደሚታይበት መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። ደረሰኞቹና ውሉ ኮፒ ተደርገው ተዘጋጅተዋል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ከጋይዳችን ጋር በዋትስአፕ ተነጋግረን ነበር። ሳያስፈቅድ መንገድ አቋርጧል ተብሎ የአምስት ቀን ደመወዙ ተቆርጧል። እሱ አልነገረኝም፤ ተሸካሚው ነው የነገረኝ። እሱን ስጠይቀው የእህቴን ጤና ጠይቆ ወሬ ቀየረ። ከእኔ ገንዘብ በፊት የእሱን ክፈሉ። የተከፈለበትን ደረሰኝ ላኩልኝና ስለ ቀሪው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር
ስሜና ስልኬ ውሉ ላይ አለ