ወንበር ከመትከልህ በፊት

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትህ ጉልበቱን ከሚያመው በቀር ሌላ የለበትም፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን እንቅስቃሴ ግን አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ይተዋል። ከእኔ ይልቅ አንተን ስለሚሰማ ገሥጸው። ስልኩ ሲገኝ እየተቆራረጠ፣ ሲጠፋም ጭራሹን እየጠፋ ስላስቸገረኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት። መንገዱ ደኅና ከሆነ የጎረቤታችን ልጅ በእጇ ታደርስልሃለች።

ዩኒቨርሲቲው በጤና አስተዳደር የማስተርስ መርሐ ግብር አንድ ኮርስ እንድትሰጥ እንደ ጠየቀህ ነገርኸኝ። «ዶክትሬት ያላቸው መምህራን ሞልተው እኔ ሆስፒታል የምመራ የሥራ ሰው ምን አስተምራለሁ?» ብለህ ልትመልስላቸው እንዳሰብህ ስታጫውተኝ መስመሩ ተቋረጠና መልሴ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ተቀበል ነው የምልህ። ነገር ግን ስብሰባ እንደምትመራው አድርገህ ልታስተምር ከሆነ ይቅርብህ።

ተቀበል የምልህ ያለፈውን ስለማውቅ ነው። እኔ ነርስነት ስጀምር ሆስፒታሉን የሚመራው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነበር፤ ያውም ያለን አንድ ቀዶ ሐኪም እሱ ነው። ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ የበጀት ደብዳቤ ይፈርማል። ሜትሮን፣ የነርሶች ኃላፊ፣ ከሆንሁ በኋላ የሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ ቅጽ ይዤ በሩ ላይ እጠብቀው ነበር። ጓንቱን አውልቆ፣ የጓንቱ ዱቄት ጣቶቹ ላይ እንዳለ፣ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይፈርምልኛል፤ ዱቄቱ ፊርማው ላይ ይቀራል። ጎበዝ ሐኪም ነበር። አስተዳደር ግን ማንም አስተምሮት አያውቅም፤ እሱም «ይህን ቢሮ የሚረከበኝ ሰው ባገኘሁ» እያለ ኖረ።

የሚረከብ ሰው ማሠልጠን የተጀመረው ቆይቶ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የሆስፒታል አመራርን የማሻሻል ሥራ ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታልና የጤና አስተዳደር ማስተርስ ከፈተ። ያኔ ደስ ያለኝ ተማሪዎቹ ከሥራቸው አለመነቀላቸው ነው። ጥቂት ሳምንት ክፍል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታላቸው ተመልሰው የተማሩትን በገዛ ካርድ ክፍላቸውና በገዛ መድኃኒት መጋዘናቸው ላይ ይሞክሩታል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው ክፍሉን ከሥራው አልለዩትም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1934 የሆስፒታል አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ፣ ብዙዎቹ መርሐ ግብሮች ተማሪውን ለረጅም ወራት ከአንድ የሆስፒታል ኃላፊ ሥር አስቀምጠው ያሠሩት ነበር። ስለዚህ ስትጠራ እንደ እንግዳ አትሸማቀቅ፤ ቦታው ድሮም ለሥራ ሰው የተተወ ቦታ ነው።

አሁን ወደሚያሰጋኝ ልምጣ። ኃላፊ ሲናገር ሰው ሁሉ ማስታወሻ ይይዛል፣ በአዎንታም ራሱን ይነቀንቃል። አንተም ይህን ለምደኸዋል። ከተማሪዎችህ አንዳንዶቹ ዛሬ አንተ ዘንድ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹም ነገ ሥራ ሊለምኑህ የሚመጡ ይሆናሉ፤ ብትሳሳት የሚያርምህ የለም። በየሥልጠናው አዳራሽ ተቀምጬ ከሰማኋቸው ትልልቅ አስተዳዳሪዎች አብዛኞቹ የነገሩን እንዴት እንደ ተሾሙና እነማንን እንደረቱ ነው። ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ሳቁ ይደራል፣ ወደ ሥራችን ስንመለስ ግን ከዚያ ውስጥ ለአንድ ዋርድ እንኳ የሚሆን ነገር አናገኝም ነበር።

አያትህ ዋሸራ ቅኔ የተማሩበትን ዘመን ሲያወሩ ሰምተሃል። መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ተማሪው ወጥቶ፣ ለብቻው ተቀምጦ፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይመለስና ለመምህሩ ይነግራል። የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢያመጣ ማን ቅኔ ይለዋል? የትናንቱን ዛሬ ቢደግመውም መሳቂያ ነው። መምህሩም የሚመሰገነው የተማሪውን ቅኔ አንድ ጊዜ ሰምቶ የቱ ላይ ቤቱ (ስንኙ) እንደ ጎደለ ወዲያው በመያዙ ነበር። ያንተም ክፍል እንዲህ ይሁን። ያንተን ውሳኔ ከመናገርህ በፊት የእነሱን አስነግር።

ለምሳሌ የናፍጣውን ጉዳይ ውሰድ። በየሆስፒታሉ የሚያጋጥም ስለሆነ የማንንም ስም ማንሣት አያስፈልግህም። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። በጄኔሬተሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቢያደርስ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ምጥ የጠናባት እናት ገብታለች፤ ማሞቂያ ውስጥ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት አሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ አልፈርምም ብሏል፤ ባለፈው ዓመት ተለምኖ በፈረመው ግዢ የኦዲት ግኝት ወጥቶበት፣ ገንዘቡ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ደጅ ሲጠና ከርሟል። ማደያው ናፍጣ አልቆበታል። በበርሜል የሚሸጥ ነጋዴ አለ፣ ደረሰኝ ግን አይሰጥም።

እስከዚህ ንገራቸውና ዝም በል። መጀመሪያ ሁሉም «ሕይወት ይቀድማል» ይሉሃል። ይህን የጥበቃ ሠራተኛውም ያውቀዋል። አንተ ግን አትልቀቃቸው። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ነገ በምን ትመዘግበዋለህ? ገንዘቡን ከየትኛው ሳጥን ታወጣለህ? ቃለ ጉባኤውን እነማን ይፈርሙበታል? ቦርዱ መቼ ይነገረው? ኦዲተሩ ሲመጣ ከፋይናንስ ኃላፊው ጎን ማን ይቆማል? እዚህ ሲደርሱ የአስቸኳይ ግዢ መመሪያውን አውጥተህ አብራችሁ አንብቡት፤ አስቀድመህ ብትሰጣቸው ማንም አይገልጠውም። በመጨረሻም ከሆስፒታሉ ናፍጣ ስንት ሊትር ሲቀር ማዘዝ ይገባ እንደ ነበር አስልተው ያምጡ። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አንተ ሳትጠይቅ በራሱ ያነሣ ተማሪ ካገኘህ ስሙን ያዝ፤ ሆስፒታል የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ከቁጥር ሰንጠረዥ ላይ የማይነበብ፣ የሥራ ሰው ብቻ የሚነግራቸው ነገርም አለ። በእኛ አገር ገበሬው በወር በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለበዓለ እግዚአብሔር በሬ አይጠምድም። ከእርሻ ያስቀረው በዓል ለሕክምና ጊዜ ይሰጠዋል፤ አስቀድሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ የታመመ ልጁን አዝሎ ከሲናንም ከማቻከልም ይመጣል። በገበያ ቀንም እንዲሁ እህሉን ሸጦ በዚያው ካርድ ያወጣል። ሠራተኛው ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቀው በዚያው ቀን ነው፤ ለእሱም ማርያም አለችበት። እኔ የነርሶችን የተረኛ ፕሮግራም ስሠራ ከጠረጴዛዬ በላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር የሰቀልሁት ለጽድቅ መስሏቸው የሚያሾፉብኝ ነበሩ።

አንድ ጊዜ ማስተርሱን የጨረሰ ወጣት መጥቶ፣ የተመላላሽ ታካሚውን ቁጥር በሥራ ቀናት አካፍሎ በአማካዩ ልክ ነርሶችን ደለደለልን። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ያንን አማካይ የሚመስል ቀን ግን በወሩ ውስጥ አልነበረም፤ ማክሰኞ ነርሶቹ ተቀምጠው ይውላሉ፣ ለማርያም ዕለት ሰልፉ ከካርድ ክፍል እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። ልጁ ሞኝ አልነበረም። የቁጥርን መለዋወጥ የሚለካበትን ቀመር ተምሯል፤ መለዋወጡ ከየት እንደሚመጣ ግን የነገረው ሰው የለም። ቀመሩን ፕሮፌሰሩ ያስተምሩ፣ ምንጩን አንተ አሳይ። ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ደግሞ ሁለታችሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተገኝታችሁ በተማሪዎቹ ፊት ተከራከሩ፤ ሐሳባችሁ ሳይገጥም ቢያዩ ምንም አይጎዳቸውም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑንም ጨምርበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ጎጃም ውስጥ ከመነሻው የሚያውቁት ሰዎች አሉ። መዋጮው መኸር ከገባ በኋላ ካልተሰበሰበ ክረምት ላይ ገበሬውን መጠየቅ በከንቱ ነው። አባሉ ካርዱን ይዞ መጥቶ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ሲባል ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ጎረቤቱም አይከፍሉም። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የፋይናንስ ኮርሱ ይነግራቸዋል፤ ገበሬው መስኮቱ ላይ ቆሞ ምን እንደሚል ግን ከአንተ ይስሙ።

ደግሞ የሥራ ሰው ማለት ከላይ የወረደውን የሚፈጽም ብቻ እንዳይመስላቸው። እኛ የአሠራር ማሻሻያ ነው እየተባለ ቢፒአር መጣ ሲባል ተሰበሰብን፣ ቢኤስሲ መጣ ሲባል ተሰበሰብን፣ ካይዘን ሲመጣ መደርደሪያ ላይ ቀለም ቀባን። (ከሁሉም እስከ ዛሬ የሚጠቅመው የመደርደሪያው ምልክት ነው፤ አባትህ በዚህ አይስማማም።) ነገር ግን ኤፒቲኤስ የሚባለው፣ የመድኃኒት ግብይት በኦዲት እንዲታይ የሚያደርገው አሠራር፣ የተጀመረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ቀድሞ በብዙ ቦታ የቀኑ የሽያጭ ገንዘብ ይቆጠራል እንጂ የትኛው መድኃኒት ስንት ወጥቶ ስንት እንደ ቀረ ከገንዘቡ ጋር አይመሳከርም ነበር። አሁን የገባው፣ የተሸጠው፣ በነፃ የተሰጠውና ጊዜው ያለፈበት ሁሉ እየተመዘገበ ይመሳከራል። ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ደንብ ወጣለት፣ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችም ተሻገረ። በወሬ ቢቀር ኖሮ ከአባይ ማዶ ማንም አይሰማውም ነበር፤ በቁጥር ተጽፎ ስለቀረበ ነው የተሻገረው። ተማሪዎችህን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለመደርደሪያ ከሚሠሩት እንዲህ ያለውን ነገር ከየሆስፒታላቸው እንዲፈልጉ አድርጋቸው።

ጥቂት የማስጠነቅቅህ አለ። የታካሚም የሠራተኛም ስም ከአፍህ አይውጣ፤ ወረዳውንም ዕድሜውንም ቀይር። ጎጃም ሰፊ ይምሰል እንጂ «አንዲት የሞጣ አዋላጅ» ካልህ እስከ ማታ ማን እንደሆነች ይታወቃል። ዶክትሬት የለኝም ብለህ አትፈር፣ ሳታነብ መግባት ግን ያሳፍራል፤ ያንተ የዘመንህ መመሪያ ተሽሮ ይሆናልና አዲሱን ይዘህ ግባ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ማርክ አትስጥ። ሥራ አስኪያጆች ሲያስተምሩ ይህ ልማድ አላቸው፤ ፈተና ለማረም ጊዜ ስለሌላቸው ሁሉንም ይመርቁታል።

ቀሪነት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከክልሉ ጤና ቢሮ ተጠራሁ፣ ቦርድ ተሰበሰበ እያልህ ተማሪ አታስቀምጥ። አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ እሱን ትተህ በየሳምንቱ አጋማሽ መመላለስ አትችልም። ትምህርቱን በአንድ ላይ ጠቅልለው ቅዳሜና እሑድ እንዲያደርጉልህ ከወዲሁ ጠይቅ፣ ከቦርዱም በደብዳቤ አስፈቅድ። በቃል የተፈቀደ ነገር ሰብሳቢው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ካርድ ክፍል ለረጅም ዘመን የሠራ ሰውና አንድ ገንዘብ ያዥም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጥራ፤ አበላቸውንም አትርሳ። ልምድ ያለው መሪ ሲባል ሁሉም የሚያየው ትልቁን ወንበር ነው። ሌሊት ሃያ አልጋ ከሁለት ነርስ ጋር የመራች ሴትም መርታለች። የምለው ገብቶሃል፤ ስለ ራሴ ነው።

የኮርሱን ዝርዝር በልጅቷ እጅ መልሰህ ላክልኝ። የሠራተኛ ድልድል የሚባለው ርእስ የትኛው ሳምንት ላይ እንደሚውል ምልክት አድርግበት፤ ያን ሳምንት መንገዱ ክፍት ከሆነ እመጣለሁ። ማደሪያ አታዘጋጅ፣ አክስትህ ቤት አድራለሁ።

እናትህ