ልጄ፣ አታኩርፍ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ያስቸግረኛል፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል።

የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። እሁድ ዕለት አክስትህ ከሐዋሳ ደወለችልኝ። "ጓደኛው ሚኒባስ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ልጅሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል፣ ከሰው አያወራም፣ ቅዳሜ እኔ ጋ ሲያድር ማተቡንም አውልቋል" አለችኝ። እጄ ሊጥ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ ነው የሰማኋት። ተናደድኩ። አልዋሽህም፣ በጣም ተናደድኩ። ከዚያ "ቆርጦ ጣለው?" ብዬ ጠየቅኳት። "አይ፣ ፈትቶ መታጠቢያ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅሎታል" አለች።

ዱካው ላይ ቁጭ አልኩ። የሚቆርጥ ሰውና ቋጠሮ የሚፈታ ሰው አንድ አይደሉም። ያንን የጠበቀ ቋጠሮ በጥፍርህ ስትፈታ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?

ብታለቅስ አልቆጣህም። ብትጠይቅ አልቆጣህም። ግን አታኩርፍ። እኔንም አታኩርፍ፣ እግዚአብሔርንም አታኩርፍ።

ያንን ጓደኛህን እኔም አልረሳውም። አምና በሴሚስተር እረፍት ይዘኸው ስትመጣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ለእንግዳ ምን ላብላ ብዬ ስጨነቅ "ማዘር፣ እኔም ከእናንተ ጋር ሽሮ ነው የምበላው" አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። የጴንጤ ጸሎት ደግሞ ይረዝማል፤ ሽሮው መንተክተኩን ተወ፣ ድስቱ በረደ፣ አንተ በአንድ ዓይንህ እያየኸኝ ሳቅህን ታፍናለህ። ጉልበቴን እንኳ ሳይረሳ ነው የጸለየልኝ። ከዚያ አምስት እንጀራ በላ። ደስ ሲል!

ለቅሶው ላይ አንዱ ተነስቶ "እግዚአብሔር በከንቱ አይቀጣም" ማለቱን፣ አንተም ጥለህ መውጣትህን አክስትህ ነግራኛለች። መውጣትህ ልክ ነው። ሉቃስ 13ን አንብብ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ጌታ ራሱ "ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች የነበሩ ይመስላችኋልን?" ብሎ ጠይቆ "አይደለም" ብሎ መልሷል። ንስሐ ግቡ ያለውም ቆመው ለሚሰሙት ነው፤ በሞቱት ላይ አልፈረደም። የተገለበጠ ሚኒባስ የተገለበጠ ሚኒባስ ነው። ለቅሶው ላይ ለተናገረው ሰው ግን አሁን መልስ ልስጥ እንዳትል። በመጀመሪያ ይብረድልህ።

አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን ሊጥ ፊት ስቆም ስብከት ይመጣብኛል። መብራት ሲጠፋ ስብከት፣ ወተት ሲገነፍል ስብከት። "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ከሽንኩርቱ ምን ተማርን?" እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። አብሲቱን ግን አልተውልህም። ሦስት ቀን የተብላላውን ሊጥ የላዩን ውሃ ትደፋለህ። ከሊጡ ትንሽ ጨልፈህ የፈላ ውሃ ላይ ትጨምረዋለህ፣ እስኪወፍር ታማስለዋለህ። በረድ ሲል ወደ ወንድሞቹ ትመልሰዋለህ። ሊጡ ኩፍ የሚለው፣ እንጀራውም ዓይን የሚያወጣው ያኔ ነው። እሳት ያየው ጥቂቱ ነው፣ ዓይን የሚያወጣው ግን ሁሉም። እኔ አብሲት ስጥል ጌታን ሳላስብ ቀርቼ አላውቅም።

እሁድ ከአክስትህ ጋር ስናወራ ስለ ጓደኛህም ይሄንኑ ልል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። የሊጡ ነገር ለሊጡ ነው፤ የእሱ ሞት አብሲት አይደለም። እናቱ ፊት ቆሜ የማልናገረውን ለአንተ አልጽፍልህም።

ይሄን ያስተማረችኝ አክስትህ ናት። 4 ዓመት ሙሉ ቤታችን ድርሽ ያላለችው ለምን እንደሆነ ነግሬህ አላውቅም። በአያትህ ቦታ ተጣልተን ይመስልህ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ፣ እንደዚያ ብታስብ ይሻለኝ ነበርና። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ልጇ በሞተች በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" አልኳት። ቅዱስ ቃል ነው፣ የኢዮብ ቃል። ኢዮብ ግን የተናገረው በራሱ ልጆች ነው፤ እኔ በሰው ልጅ ተናገርኩ። የእኔው ልጅ ከድንኳኑ ውጪ ይሯሯጣል። አንተ በዚያ ሰዓት ጫማህን አውልቀህ ጭቃ ውስጥ ነበርክ። አንተን አየች፣ ዞራ እኔን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

በቃ፣ ኩርፊያ ሆነ። በፋሲካ የለችም፣ በእንቁጣጣሽ የለችም። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ "ቃለ እግዚአብሔር ብነግራት አኮረፈች" እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያረፈ ዕለት መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ጓዳ ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሰው ያመጣውን እንጀራ ተቀብላ በየመሶቡ ከተተች፣ ማታ ፍራሹ ላይ ከአጠገቤ ተኛች። ሰባቱንም ቀን እንደዚያው።

የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው፤ እኛ ግን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው የምንወደው። ምዕራፍ 3 ላይ ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያ ይከራከራል፣ ይጮኻል፣ ፍረድልኝ ይላል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በእሱ ላይ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጠበቃ በቆሙት ወዳጆቹ ላይ ነው። ስለዚህ ተከራከር። አታኩርፍ እንጂ ተከራከር።

አንድ ዕዳ አለብኝ ደግሞ። 8 ዓመትህ ነበር፣ ስቅለት ነው፣ ስግደት ላይ ነን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ" ሲባል ነጠላዬን ጎተትክና "እማዬ፣ ኢየሱስ አምላክ ከሆነ ማንን ነው ለምን ተውከኝ የሚለው?" አልከኝ። ሰው ሰማን ብዬ ደንግጬ ጭንህን ቆነጠጥኩህ። "ዝም ብለህ ስገድ!" ማታ ሳጥብህ የጥፍሬ ምልክት ቀልቶ አየሁት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ጠይቀኸኝ አታውቅም። አሁን ለማንም ሳትናገር ብቻህን ስትብሰለሰል ስሰማ ያቺ ቁንጥጫ ናት የምትታየኝ።

እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ምሥጢሩን መምህራኑ ይንገሩህ። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። "ለምን ተውኸኝ" ሲል እንኳ "አምላኬ" ብሎ ነው የጠራው። ያኮረፈ ሰው ስም አይጠራም። አያትህም ዳዊቷን ስትደግም "አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ትል ነበር፤ ጸሎት ብላ ነው እንጂ ክህደት ብላ አይደለም። ቶማስስ? ካላየሁ አላምንም አለ፤ ግን በስምንተኛው ቀን ከወንድሞቹ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እንደ አንተ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛ ኖሮ በዳግም ትንሣኤ ማንን እናነብ ነበር?

አሁን የምልህን ስማ። ቅዳሜ ዱራሜ ሂድ፣ የጓደኛህን እናት ጠይቃት። በሻሸመኔ፣ በሀላባ በኩል ነው፤ በጠዋት ተነስ፣ ሲመሽ መንገድ ላይ እንዳትገኝ። ሁለት ኪሎ ቡናና ስኳር ያዝ፤ ብሩን በቴሌብር ልኬልሃለሁ። እምነታችን ይለያያል፣ ምን ብዬ እገባለሁ እንዳትል፤ ለቅሶ ቤት ነው። ምንም አታስተምር። "ለበጎ ነው" እንዳትላት፣ በማርያም! አምስት እንጀራ መብላቱን ንገራት። ለጉልበቴ መጸለዩንም ንገራት።

በሶና ድርቆሽ በጎረቤታችን ልጅ ልኬያለሁ፤ ድርቆሹ እርጥበት እንዳይነካው። ወፍራሙ ካልሲ ከበሶው ስር ነው። ፈተናህን እንዳትዘል።

ማተቡን አክስትህ ከሚስማሩ እንዳታወርደው ነግሬያታለሁ። እጅህ ሲፈልገው እዚያው ነው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ አንሳው። ማውራት ካቃተህም አንሳው ብቻ፤ እኔ አብሲቴን እያማሰልኩ ዝም እላለሁ።

እናትህ