የእጅጌሽን ልክ ላኪልኝ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግፊቴም ወረድ ብሏል። በቀደም ስደውልልሽ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብለሽ ስትዘጊው፣ ነገሩ የኔትወርክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ ማሽኑን ሸፍኜ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የከተራ ለት ጠዋት የሆነውን አልረሳሁትም። ሳላንኳኳ ገባሁ። ቀሚስሽን ልታጠልቂ ሁለቱንም እጅሽን አንስተሽ ነበር። ያን ጊዜ የክንድሽን ሥርና የሆድሽን የላላ ቆዳ አየሁት። "ውይ! ባዶ ጆንያ መሰልሽ እኮ!" አልኩሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! አንቺ አንድም ቃል አልመለስሽልኝም። በሀበሻ ቀሚሱ ላይ ያን ጥቁር ጃኬትሽን ደረብሽ፣ ወጣን።

የጥር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቂያለሽ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ እኩዮችሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ፤ አንቺ ጃኬትሽን እስከ አንገትሽ ቆልፈሽ ላብሽን ትጠርጊያለሽ። አክስትሽ "አይሞቅሽም?" ስትልሽ "በርዶኛል" አልሻት። እኔ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀንሽ ሳይደርስ፣ ሁለት ቀን ቀድመሽ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የልክ ደብተሬን አወጣሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት፣ ጠርዙ የተበላው። አንቺ እዚያ ውስጥ ከልጅነትሽ ጀምሮ አለሽ። ለምረቃሽ ስሰፋልሽ ወገብሽ 124 ሴንቲሜትር ነበር። ከዚያ በፊት የሰፋሁልሽን ሁሉ በየዓመቱ ጎኑን እየፈታሁ አሰፋው እንደነበር ትዝ አለኝ። አሁን ለጥምቀቱ ስለካሽ 86። እኔ ቁጥሩን ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሮጪ፣ ስትጾሚ፣ በሰው ግብዣ ላይ እጅሽን ስትሰበስቢ የከረምሽበት ነው እኮ! አንድ "ጎሽ" አላልኩሽም።

ደግሞስ ያን ክብደት ማን ነው ያመጣው? "እኔ ስሞት፣ ይቺን ብቻ" እያልኩ ሳጎርስሽ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ስትወፍሪ ጎረቤቱ ሁሉ "ተመችቷታል" ይል ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ስትከሺ ደግሞ ቡና ላይ "ምነው፣ አሟታል እንዴ?" ብለው ሲያንሾካሹኩ፣ ደረቴን ነፍቼ "በራሷ ጥረት ነው" ከማለት "አይ፣ ሥራ በዝቶባት ነው" አልኳቸው። ይኼም ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ለግፊት ክትትሌ ስሄድ፣ ሰው ሲከሳ ቆዳው ለምን እንደሚላላ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ስምሽን አልጠራሁም። እኔ በላስቲክ ነው የገባኝ። ወገብ ላይ የምንከተው ላስቲክ ዓመታት ተለጥጦ ከኖረ በኋላ ብትለቂው አይሰበሰብም፤ ውስጡ ያለው ክር አልቋል። ቆዳም ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች አሉት፤ ሰብስበው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ብዙ ዓመት ከተወጠሩ ይጎዳሉ። ዕድሜ፣ ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ ያብሱታል። የአንቺ ጥፋት የለበትም።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። የላላ ቆዳ ስብ ስላልሆነ፣ ብትራቢም አይሄድም አለችኝ። እዚህ ሳለሽ ቁርስ እየገፋሽ የምትነሺው "ገና አላለቀም" ብለሽ ከሆነ፣ ልጄ፣ ተዪው። ከመጠን በላይ ስትራቢ የሚሄደው ጡንቻሽ ነው፤ ቆዳው ደግሞ ይባስ ብሎ ይንጠለጠላል። ጂም ሄዶ ክብደት ማንሳት ግን ከሥር ሥጋ ስለሚያበጅ ጥቂት ይሞላዋል፤ ሁሉንም አይደለም። በጾሙም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን አታጉድዪ። ስልክ ላይ የሚሸጡትን ቅባቶች ስጠይቃት ሳቀችብኝ። ቆዳውን ያለሰልሱት ይሆናል እንጂ አይሰበስቡትም።

ቀዶ ሕክምናም እንዳለ ነግራኛለች። እኔ እንደ ቀሚስ መስሎኝ ነበር፤ ቆረጥ አድርጎ መግጠም! እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ክብደትሽ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢሆን ዓመት፣ ሳይወርድ ሳይወጣ መቆየት አለበት። የሆድ ሲሆን ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ደም መርጋትም ሊያጋጥም ይችላል። እኔ ስፌት ቢበላሽብኝ ፈትቼ እደግመዋለሁ፤ ቆዳ ላይ ይኼ የለም። ልጅ የምትወልጂ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ቢሆን ይመረጣል ብላለች። (ይኼን የጻፍኩት ለመጎትጎት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።) ልሠራው ካልሽ ዕቁቤ ሲወጣ ያለኝን አዋጣለሁ። አልፈልግም ካልሽም ሁለተኛ አላነሳብሽም።

እንዳጥብልሽ የሰጠሽኝ ነጭ ቲሸርትሽ ብብቱ ሥር ደም ነክቶት አይቻለሁ። ያኔ ምንም አልጠየቅኩሽም። ቆዳ በቆዳ ላይ ሲታሸት፣ ላብ ሲጠራቀምበት፣ ይቀላል፣ ይላላጣል፣ ፈንገስም ይይዘዋል። ስትታጠቢ እጥፋቱን ገለጥ አድርገሽ በፎጣ ጫን ጫን እያልሽ አድርቂው፤ አትፈግፍጊው። መንገድ ስትሄጂ የሚፋተግበት ቦታ ላይ ቫዝሊን ቀባ አድርጊ። ከሸተተ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የጎረቤት ቅባት ተውሰሽ አትቀቢ።

ልብሱን ለኔ ተዪው። ሠላሳ ዓመት ሴት ስለካ፣ "እዚህ ጋ ደብቂልኝ" ሳትለኝ የወጣች የለችም። ቀጫጫዋም፣ ሙሽራዋም። ያን ሁሉ የሰው ገላ ሳይ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣኝም፤ ለልጄ ሲሆን ነው አፌ የከዳኝ። ይቅር በዪኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ፈትል ገዝቻለሁ። ለስላሳ ነው፤ ገላ ላይ አይጣበቅም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ብብቱ ጋ ያለውን ስፌት ወደ ውጭ አዙሬ በጥልፍ እሸፍነዋለሁ፤ እንዳይፈገፍግሽ። ከውስጥ የሚለበስ ሁለት የጥጥ ካናቴራም ሰፍቻለሁ፤ ነገ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

የቀረኝ የእጅጌሽ ልክ ነው። ክንድሽን አውርደሽ ለኪው፤ ሜትሩን አታጥብቂ። ረጅም ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ከነጭራሹም እጅጌ አይኑረው፣ አንቺ ንገሪኝ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እስክትደውዪ አልቆርጥም።

እናትሽ
ጎንደር